የትሬቢዮስ ግስ

የእህቴ ባል ትሬቢዮስ አንዲት ግስ ሦስት ዓመት ሙሉ አላመጠ። ግሷ «ቶሌሬ» ናት፣ ማንሳት ማለት ነው። እኔ ሮም ከተማ ሱቡራ ሰፈር መንገድ ዳር የተቀቀለ ሽምብራ የምሸጥ፣ ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። ከግስ ጋር ጠብም ፍቅርም አልነበረኝም። ነገር ግን ታናሽ እህቴን ሩፊላን ልጠይቃት ብቅ ባልኩ ቁጥር ያቺ ግስ ቀድማኝ ማዕድ ላይ ተቀምጣ አገኛታለሁ።

«ቶልሎ፣ ቶሌሬ፣ ሱስቱሊ፣ ሱብላቱም» ይላል ትሬቢዮስ ምስሩን እየጎረሰ። አነሳለሁ፣ ማንሳት፣ አነሳሁ፣ የተነሳ። «አየሽ ፕሪስካ፣ መርከበኛ መልሕቅ ያነሳል። አሽከር ገበታ ያነሳል። ሕዝብ ጩኸት ያነሳል። ቄሳር የጠላውን ሹም ያነሳል። አንዱ ወደ ላይ ማውጣት ነው፣ አንዱ ከናካቴው ማጥፋት ነው። ግሷ ግን ያችው አንዷ ናት!»

«አንተስ ከዚህ ወንበር መቼ ተነስተህ ነው እንጨት የምትፈልጥልን?» እለዋለሁ።

ሩፊላ በክርኗ ጎሸም ታደርገኛለች። ባሏን ትወደው ነበር። ጓዳ ስንገባ «እትዬ፣ ተይው በናትሽ፣ አንድ ቀን ትልቅ ሰው ይሆናል» ትለኛለች። «ግስ ከሚያረባ ዶሮ ቢያረባ ይሻልሽ ነበር» እላታለሁ። ሁለታችንም አፋችንን ይዘን እንስቃለን።

ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህን አልክድም። አይመታትም፣ አይሰክርም፣ የሰው ሚስት አያይም። አንዲት አመል ብቻ ነበረችው፤ በሰው ፊት መሸነፍ አይችልም። አንድ ጊዜ ከወይን ጠጅ ሻጩ ጋር ስለ አንድ ፊደል ተከራክሮ ተረታና ሰፈሩ ቢስቅበት፣ እህል ሳይቀምስ ሰነበተ። እህቴ እንደ ታመመ ሕፃን እየለመነች ነው ያጎረሰችው።

ሩፊላ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ሦስተኛውን ስትይዝ ጸጉሯን ፈትታ፣ መቀነቷን ፈትታ፣ የጫማዋን ማሰሪያ ሳይቀር ፈትታ የወላዶች ጠባቂ ከምትባለው ከአምላኳ ጁኖ መቅደስ ሄዳ ተደፋች። ትሬቢዮስም እንደ እሷ ጓጉቶ ነበር። ሆዷ ላይ እጁን እያሳረፈ «ሴትም ብትሆን አነሳታለሁ» ይላታል። «መሬቱ ሳይቀዘቅዛት አነሳታለሁ።» ይህን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

በእኛ ዘንድ ልጅ ከእናቱ ሆድ ስለወጣ ብቻ ተወለደ አይባልም። አዋላጅዋ መሬት ላይ ታኖረዋለች፣ አባት መጥቶ ጎንበስ ብሎ ያነሳዋል፣ ያን ጊዜ ሰው ይሆናል። እስኪነሳ ድረስ ጡት አይሰጠውም፣ ማንም አይታቀፈውም። አባቱ ያላነሳው ደግሞ አትክልት ገበያው ዳር ካለው ከወተት ዓምድ ሥር ይጣላል። ያዘነለት ይወስደዋል፣ ያላዘነለት ያልፈዋል።

በዚያ የብርድ ወራት ኮስኮኒዮስ የሚባለው ሴናተር ለልጆቹ መምህር ፈለገ። ሁለት ሰው ታጨ። አንዱ የእኛው ትሬቢዮስ፣ ሌላው ዴማራጦስ የሚባል ቦርጫም ግሪክ። ኮስኮኒዮስ አንድ ቃል ሊመርጥና ሁለቱ በእንግዶቹ ፊት ሊከራከሩበት፣ የረታውም ኤስኲሊን ኮረብታ ላይ ካለው ቤቱ ገብቶ ሊኖር ሆነ። ትሬቢዮስ በሰው በሰው አስብሎ ቃሉ «ቶሌሬ» እንዲሆን አደረገ። ያን ዕለት ሩፊላን እንደ ሙሽራ እያዞረ አቅፎ ሳማት።

የክርክሩ ቀን በየካቲት ብርድ ላይ ዋለ። ያን ዕለት ጠዋት፣ ወሯ ሳይገባ፣ ሩፊላን ምጥ ያዛት።

አዋላጅዋ ሂላራ ናት፤ ከባርነት ነጻ የወጣች፣ ግማሹን ሱቡራ በእጇ የተቀበለች ሴት። ትሬቢዮስ አዲሱን ካባውን እየደረበ ልጁ እንዴት እንደሚጋደም፣ ራሱ ወዴት እንደሚዞር ያስረዳት ጀመር። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ» አለች ሂላራ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው። «ሂድ ባክህ መምህር፣ የዚህች ምጥ እንደ ፍርድ ቤት ነገር ነው፣ ማታም አያልቅ። ክርክርህን ጨርሰህ ትደርሳለህ።»

ሩፊላ እጁን ያዘችው። «ከጠራሁህ ትመጣለህ?»

«እየሮጥኩ!» አለና ግንባሯን ስሞ ወጣ።

ሂላራ ተሳሳተች። ፀሐይ ጣራውን ሳታልፍ ልጅቷ ወጣች። ሴት ናት። የእርግብ ጫጩት ታህላለች፣ ቆዳዋ የደም ሥሯን መስመር ያሳያል። ሂላራ ጠረገቻትና ከጡቡ ወለል ላይ ቀጭን ሱፍ አንጥፋ አኖረቻት፣ በሌላ ቁራጭ ሸፈነቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ፕሪስካ፣ ሂጂ ጥሪው። ይህቺ ጊዜዋ ሳይደርስ የመጣች ናት። የእናቷን ገላ ካላገኘች ሙቀት ከራሷ አታወጣም። ውሎ አድሮ የሚነሳ ልጅ አለ፣ ይህቺ ግን ከነሱ አይደለችም።»

ጫማዬን ሳላስር ነው የወጣሁት። ኮስኮኒዮስ አዳራሽ ስደርስ ሰው ጢም ብሏል፤ ካባ በካባ ላይ። በክርኔ እየገፋሁ፣ «አንቺ ሴትዮ ምን ሆነሻል!» እየተባልኩ ገባሁ። ወለሉ ላይ የቆመው ዴማራጦስ ነበር፣ ላቡን እየጠረገ።

«ቶልሎ ብሎ ጀምሮ ሱስቱሊ ብሎ መጨረስ፣ በግ ገዝቶ ፍየል እየጎተቱ እንደመግባት ነው!» ይላል። ሰው ይስቃል። «የዚህን ምክንያት ወዳጄ ትሬቢዮስ አልነገራችሁም፣ እኔ ልንገራችሁ። የዚህች ግስ ኃላፊ ጊዜዋ ‹ቱሊ› ነበር፣ የገዛ ራሷ። ‹ፌሬ›፣ መሸከም የሚባለው ጎረቤቷ የራሱ ስላልነበረው ወሰደባት። እሷም ፊቷ ላይ ቅጥያ ለጥፋ ሱስቱሊ ሆና ቀረች። ስለዚህ ማንሳትና መሸከም ከአንድ ሆድ የወጡ ናቸው። ‹ቶሌራሬ›፣ መታገስ የምትሉትም ወንድማቸው ነው። በእኛ በግሪኮችም ሰማይን የተሸከመው አትላስ ስሙ ከዚሁ ሥር ነው። እንግዲህ ማንሳት ማለት ምንድን ነው? ክብደቱን መቻል! የቻለ፣ እሱ አነሳ።»

ጭብጨባው ቀላል አልነበረም። ትሬቢዮስ ፊቱ አመድ ለብሷል። እጄን አውለበለብኩለት፤ አየኝ። አንድ ጣቱን ቀስሮ «ቆይ» አለኝ። እኔ መቆየት አልቻልኩም።

«ትሬቢዮስ! ተወልዳለች! ሴት ናት፣ ትንሽዬ ናት፣ መሬት ላይ ናት፣ ና!»

አዳራሹ በሳቅና በ«እንኳን ደስ ያለህ» ተሞላ። ኮስኮኒዮስ የወይራ ፍሬ አፉ ውስጥ እያገላበጠ፣ «ሂዳ፣ አንሳት እንጂ» አለው። «ዴማራጦስ ያለውን የመጨረሻ ቃል አድርገን እንወስደዋለን።»

ትሬቢዮስ አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣ። መጣልኝ ብዬ ነበር። ከዚያ ፊቱ በራ። አውቀዋለሁ ያን ፊት፤ ምስር እየበላ አንድ ነገር ሲከሰትለት እንዲያ ነው የሚበራው። ወደ ሰዎቹ ዞረ።

«ጌቶቼ፣ አማልክት ምስክር ላኩልኝ! ልጄ በዚህች ሰዓት መሬት ላይ ናት። አዋላጅዋ ከእናቷ ተቀብላታለች፣ ይዛታለች፣ ክብደቷን ችላለች። ታዲያ አነሳቻት የሚል ሮማዊ ከመካከላችሁ አለ? የለም! ማንሳት የክንድ አይደለም፣ የመብት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ከመሬት ነው፣ በመጀመሪያው እጅ ነው። ሌላ እጅ ቀድሞኝ ከመሬት ቢያነሳት፣ ከዚያ ወዲያ ዕድሜዬን ሙሉ ባቅፋት ተሸከማት እባላለሁ እንጂ አነሳት አልባልም። እንዲያ ያለችው ልጅ የእኔ አይደለችም! ዴማራጦስ ሆይ፣ መሸከም የበቅሎ ነው፣ ማንሳት የአባት ነው!»

ጣራው የሚነሳ መሰለኝ። ሰው ከመቀመጫው ዘሎ ቆመ። ኮስኮኒዮስ እንኳ ወይራውን ተፍቶ አጨበጨበ።

«እየበረዳት ነው!» ብዬ ጮህኩ። በዚያ ሁካታ መሀል የሰማኝ እሱ ብቻ ነው፤ መስማቱንም አይቻለሁ። «መጣሁ፣ መጣሁ! መልስ ካለው ሰምቼ መጣሁ። ቅደሚኝ!» አለኝ። ዴማራጦስ ደግሞ ሊመልስ ጉሮሮውን እየጠራረገ ነበር።

ተመልሼ ስገባ ቤቱ ጸጥ ብሏል። የልጅ ድምፅ የለም። ሩፊላ ከማዋለጃው ወንበር ልትወርድ ትታገላለች፣ ሂላራ በሁለት እጇ ደረቷን ይዛታለች። «ደምሽ ይፈሳል፣ አርፈሽ ተቀመጪ! ነይ ፕሪስካ፣ የታለ ሰውዬው?»

«ግስ እያነሳ ነው» አልኩ።

ልጅቷን አየኋት። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅ ግን አይወጣም፤ ከውኃ የወጣ ዓሣ እንደሚያደርገው።

«ሂላራ፣ አንሻት።»

«እኔ አዋላጅ ነኝ። ያልተነሳ ልጅ ካነሳሁ ከነገ ወዲያ ማን ይጠራኛል? አንቺም ተጠንቀቂ፣ እጅሽ አይደለም።» ይህን ስትል ግን ወደ ግድግዳው ዞራ ነው፤ እያለቀሰች ነበር።

ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። አሁንም ቢሆን አነሳታለሁ። የቀሚሴን አንገት ተርትሬ ጡቴ መሀል ከተትኳትና በካባዬ ጠቀለልኳት። እንደ ጠጠር ቀዝቅዛለች። ምድጃው ጋ ቁጭ ብዬ ጀርባዋን እያሻሸሁ የማውቀውን አምላክ ሁሉ ተሳደብኩ። ቆይታ ቆይታ አንዲት ሲጥ አለች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ እንደ ሰው አለቀሰች።

«ስጪኝ» አለች ሩፊላ። «ስጪኝ እትዬ፣ እሱ እስኪመጣ ብቻ።» ሰጠኋት። ልጅቷ ጡቱን በአንድ ፍለጋ አገኘችው። ሩፊላ ያኔ የሳቀችውን ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይቼባት አላውቅም።

እንዲህ እያለን ነው ጫጫታው በደረጃው የመጣው። ትሬቢዮስ የአሸናፊ የሎረል ቅጠል ጉንጉን ራሱ ላይ ደፍቷል፣ ረትቷል። ኮስኮኒዮስ ከኋላው፣ ዴማራጦስ ከጎኑ፣ እንግዶቹ በረንዳውን ሞልተዋል። አባት ልጁን ሲያነሳ ሊያዩ ነው የመጡት፤ የክርክሩ ጉርሻ መሆኑ ነው። ትሬቢዮስ በሩ ላይ እጆቹን ዘርግቶ ወለሉን አየ። ባዶ ነው። ከዚያ የእህቴን ደረት አየ።

«ማን ነው ያነሳት?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ልትሞት ነበር።»

ከኋላ አንዱ ተንከተከተ። ዴማራጦስም ሽንፈቱ ትኩስ ነውና አላስቻለውም፣ «በል እንግዲህ መምህር፣ የመጀመሪያው እጅ የባለ ሽምብራዋ ሆነ! አሁን ብትይዛት በቅሎ መሆንህ አይደል?» አለው። በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ኮስኮኒዮስ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ፈረስ እንደሚገዛ ሰው፣ ትሬቢዮስ የሚያደርገውን ይጠብቃል።

ምን ነበረበት? አብሮ ቢስቅ፣ «ተረታሁ፣ በቅሎ ነኝ» ቢልና ቢያቅፋት፣ ያ ሁሉ ሰው አብሮት ይስቅ ነበር። ወይን ጠጅ ይመጣ ነበር። ልጅቷ አባት ይኖራት ነበር።

ሂላራ መንገድ ልታበጅለት ሞከረች። «መምህር፣ መልሰን እናስተኛታለን፣ አንተ ታነሳታለህ። እኔ አላየሁም።»

«ሁሉም አይቷል» አለ ትሬቢዮስ።

ዴማራጦስ ያኔ ልጅቷን ልብ ብሎ አያት። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ወንድሜ፣ ቀልዴን ነው» አለው፣ ድምፁ ተለውጦ። «ረትተኸኛል፣ በሰው ፊት አምኛለሁ። ግሷ ያንተ ትሁን። አንሳት።»

ከዚህ በላይ ምን ይደረግለታል? ትሬቢዮስ ግን ያን ርኅራኄ ከስድብ ቆጠረው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እሱ ደግሞ አፋፉ ላይ ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ እያየው ቆሟል። እንዴት ይውረድ? እህቴን አላያትም። ልጅቷንም አላያትም። ከግድግዳው ጋር የሚነጋገር ይመስል «ያልኩት ያልኩት ነው» አለ። «በሌላ እጅ የተነሳች የእኔ አይደለችም።»

ኮስኮኒዮስ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። «ለልጆቼ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ሰው ነው» አለ፣ ከዚያም ገበታው እንዳይቀዘቅዝ ብሎ ወጣ። እንግዶቹም ተከተሉት። ስለ ጽናቱ እያወሩ ደረጃውን ሲወርዱ ሰምቻለሁ።

ጠላሁት። እስከ ዛሬም እጠላዋለሁ፣ አላፍርበትም። «በል ግስህን ታቅፈህ ኑር!» አልኩት። ጉንጉኑን ከራሱ አውርዶ በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር፣ የት እንደሚያስቀምጠው የጠፋው ሰው መስሎ።

እህቴ ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ አልጮኸችም። ባል ነው፣ ቤት ነው፣ የት ትሂድ? ልጅቷ ራሷ እስክትለቅ ድረስ ጡቷን ሳታንቀሳቅስ ጠበቀች። ከዚያ አፏን በአውራ ጣቷ ጠርጋ ሰጠችኝ።

«አጥግቤያታለሁ እትዬ» አለችኝ።

ወተት ዓምድ ሥር አልጣልኳትም። ከሽምብራዬ ማዶ ያለችው የዳቦ ጋጋሪው ሚስት አራስ ነበረች፤ ከልጇ ጋር አጠባችልኝ። ቪታሊያ አልኳት። ሽምብራ ከረጢት ላይ ተኝታ፣ በመንገደኛ ጫጫታ አደገች። እኔን እማ አለችኝ፣ እኔም አላረምኳትም።

ሩፊላና ባሏ ኮረብታው ላይ ወጡ። የሴናተር ቤት እንዲህ በዋዛ አያስወጣም፣ አያስገባም። አንዳንዴ ገረድ ልካ ሽምብራ ታስገዛለች። ኮረብታው ላይ ሽምብራ ጠፍቶ አይደለም። ገረዲቱ ዕቃውን እያቀበለችኝ «እመቤቴ ልጅቷ ጥርስ አወጣች ወይ ትላለች፣ ዳዴ አለች ወይ ትላለች» ትለኛለች። «አወጣች በያት፣ እየሮጠች ነው በያት» እላለሁ።

ኋላ እህቴ ወንድ ልጅ ወለደች። እሱን ትሬቢዮስ ወለሉ ሳይሰማው አነሳው አሉ፣ ኮስኮኒዮስ ባለበት፣ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ። ስም በሚወጣበት ቀን እኔም ተጠራሁ። ቪታሊያን ጸጉሯን አበጥሬ፣ ንጹሕ ቀሚስ አልብሼ ይዣት ሄድኩ። ለምን እንደወሰድኳት አትጠይቁኝ፤ አንጀቴ እያረረ ነበር፣ ይያት ብዬ ነው።

ትሬቢዮስ ወፍሯል። ስለዚያችው ግስ የጻፈውን ለእንግዶቹ እያነበበ ነበር። እኛን ሲያይ ድምፁ አንድ ጊዜ ተሰናከለ፣ ከዚያ መስመሩን አገኘና ቀጠለ። ውኃ ሊጎነጭ ሲያቋርጥ እንኳ ወደ እኛ አልዞረም።

ሩፊላ ከሴቶቹ መሀል ሕፃኑን ታቅፋ ተቀምጣለች። ቪታሊያ ሰው ስለበዛባት ከቀሚሴ ኋላ ተወሸቀች። «እማ፣ እንሂድ» አለችኝ፣ ጮክ ብላ። አንዲት የከበረ ጌጥ የደረደረች ሴት ሳቅ ብላ «የማን ናት ይህቺ ቆንጆ?» ብላ ጠየቀች።

እኔ አፌን ሳልከፍት ሩፊላ ቀደመችኝ።

«የእህቴ ናት» አለች። «ቁርጥ እሷን አይደለችም?»

ሴትዮዋ ሁለታችንን አይታ «ቁርጥ!» አለች። እኔም «አዎ፣ የኔ ናት» አልኩ። ምን ልበል? ሩፊላ ሕፃኑን ለሞግዚት አቀብላ ከትሪው ላይ የማር ቂጣ አነሳችና ቪታሊያን በአገጯ ጠራቻት። ልጅቷ እየፈራች ሄደች፣ ቂጣውን ተቀበለች፣ ትንሽ ቆይታ ወደ እኔ ሮጠች።

ኮረብታውን ስንወርድ ቂጣውን አልበላችውም ነበር። አንድ እጇን አንዴ ትከፍታለች፣ አንዴ ትጨብጣለች።

«እማ» አለችኝ፣ «ያቺ ሴትዮ ቂጣውን ሰጥታኝ ለምንድን ነው እጄን አልለቅም ያለችው?»

«አራስ ናት» አልኳት። «ደክሟት ነው። ብይ፣ ሳይደርቅ።»